የዘጠኝ ሰዓት ትንፋሽ

የካቲት 18፣ 2011 (ሰኞ)

መብራት የለም። ጠዋት ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ውጭው በር ደርሶ ነበር። ሠላሳ ሁለት በሽተኛ አየሁ። አሥራ አራቱ ሳል ነው የሚሉት። ሳል፣ ሳል፣ ሳል... አክታ እናስመረምራለን፤ ቲቢ የለም ይላል። አንቲባዮቲክ እንሰጣለን፤ በወሩ ያው ሰው ያንኑ ሳል ይዞ ይመለሳል። ከደብረ ብርሃን መጥቼ መቀሌ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ስንቱን እንዲሁ ሸኘሁት ይሆን?

ከሰዓት በኋላ ዕቃው ከዓይደር ሆስፒታል መጣ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን የሠለጠንኩበት የትንፋሽ መለኪያ። ከስልክ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሰውየው አየር ይስብና በካርቶን ቱቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፤ መስመሩ ታብሌቱ ላይ ይሳላል፤ እኔ «ላክ» የሚለውን እነካለሁ፤ ዶክተር ሔሩይ፣ የሳንባ ሐኪሙ፣ ዓይደር ተቀምጦ ያነበዋል። ከዚያ በሽተኛው የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት በአፉ ይስባል፤ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፤ ደግሞ ይነፋል። ሁለተኛው ከፊተኛው በጣም ከተሻለ አስም ነው፤ ይታከማል። ጠብቦ የነበረው እንደጠበበ ከቀረ ሳንባው ተጎድቷል። ይኸው ነው ነገሩ። በሽታው ሥር ሳይሰድ እዚሁ፣ ቁሓ መንገድ ላይ ባለችው ጤና ጣቢያችን እንይዘዋለን! እስከ ግንቦት ይሞክሩናል። ከሠራንበት ዕቃው ይቀርልናል፣ ለሌሎችም ይሰጣል። ካልሠራን... እንጃ።

የጽዳት ሠራተኛችን ለተኪዳን አገላብጣ አየችው። «ሰካራም ሹፌር የሚያዝበት ነው እንዴ ሲስተር?»

ማታ ለሽሻይ ነገርኩት። ባሌ የፊዚክስ መምህር ስለሆነ ነገር ሁሉ ፊዚክስ ነው። ግማሽ ሰዓት ስለ አየር ግፊት አስተማረኝ። ወጡ ቀዘቀዘ።

የካቲት 19

አምስት ሰው አስነፋሁ። አንዱም አልሆነ!

ሰዉ ጨዋ ነው፣ ምን ላድርገው? ሰው ፊት መንፋት ነውር ነው ብሎ ያደገ። አንደኛው አዛውንት ቱቦውን ከነከሱ በኋላ ዞረው ግድግዳውን አዩ። አንዷ እናት በነጠላዋ ከለል ብላ፣ ሻማ እንደምታጠፋ፣ እፍ። «በኃይል እማማ፣ በኃይል!» ስላት፣ «ፊትሽ ላይ? ኧረ ደግ አይደለም ልጄ» አለችኝ።

ዶክተር ሔሩይ በአንድ መስመር መለሰ። «አምስቱም አይነበቡም። ይደገሙ።» ሰላምታ እንኳ የለውም ሰውየው።

የካቲት 21

ድል ቁጥር አንድ። የለተኪዳን ነው።

መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። የእኔ ትግርኛ ቢሮ ለቢሮ የሚሮጥ ትግርኛ ነው፣ ሰው አያስነሣም። «ንፋ አባቴ፣ እባክህ...» እያልኩ እለማመጣለሁ። አላስቻላትም። መጥረጊያዋን ጣለችና ገባች። «ንፋሕ! ንፋሕ! ወስኸሉ! ጨምር፣ ጨምር፣ እስከ ሆድህ ድረስ! ኣጆኻ፣ አይዞህ!» ሰውየው ደነገጠ... ነፋ! ዓይኑ እስኪፈጥ ነፋ። መስመሩ ተራራ ሆኖ ወጣና ቁልቁል ወረደ፣ ልክ ሥልጠናው ላይ እንዳየነው።

ከሰዓት አራት ሰው። አራቱም ተነበቡ። ለተኪዳን ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ናት። ኃላፊያችን አቶ ዘርኡ «ወለሉንስ ማን ይጥረገው?» አሉ። እኔ እጠርጋለሁ አልኳቸው። እውነቴን ነው።

የካቲት 25 (ሰኞ)

ጾም ገባ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ፈተና።

ሦስት ሰው መጣ። ሦስቱም የፊተኛውን ነፉ። መድኃኒቱን ስዘረጋላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሲስተር፣ ጾም ነው።» የሚዋጥ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው እላለሁ። «በአፍ አይደል የሚገባ?» እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይገባም። ምን እላለሁ? እኔም ራሴ ውኃ ሳልቀምስ ነው ከፊታቸው የቆምኩት።

ችግሩ ታብሌቱ ነው። የሁለተኛው ትንፋሽ መሙያ ሣጥን ባዶ ከሆነ አይልክም። «ያልተሟላ» ይልና ይቆማል። ደጋግሜ ነካካሁት። እንቢ።

ሁለተኛውን ያለ መድኃኒቱ አስነፋኋቸው። «መድኃኒት ተሰጥቷል» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ላክ። ሄደ።

ትንሽ ነገር ናት... አይደለችም እንዴ?

የካቲት 27

ገብረተንሳኤ የሚባል ሰው መጣ። ድንጋይ ጠራቢ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ከዚህ አለፍ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያን አዲስ የደወል ቤት እየሠሩ ነው፤ እዚያ ነው የሚጠርበው። ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳል። ትንፋሹ ሲወጣ ያፏጫል፣ ከወንበሩ ማዶ ይሰማኛል። ሁለቴ ቲቢ ተመርምሮ የለብህም ተብሏል። ሚስቱ ኣኽበረት አብራው መጥታለች። እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ተናጋሪ። «መሰላል መውጣት አቃተው ሲስተር። ሥር ተቀምጦ ነው የሚጠርበው። ባልደረቦቹ ከላይ ሆነው ይጠሩታል፣ እሱ አይወጣም።»

የፊተኛው፣ በመጀመሪያዋ ሰከንድ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሊትር። በቁመቱና በዕድሜው ከሦስት በላይ መሆን ነበረበት። መድኃኒቱን ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀ፣ «ጾም»።

እንደ ሌሎቹ አደረግሁ። አሁን ሰባት ሆኑ።

የካቲት 29

የገብረተንሳኤ ውጤት መጣ። ዶክተር ሔሩይ እንዲህ ጽፏል፤ «መድኃኒቱ ለውጥ አላመጣም። ጉዳቱ ቋሚ ይመስላል። ከአቧራ ሥራ ይውጣ።»

አስጠርቼ ነገርኩት። እኔ ነኝ የነገርኩት። በእኔ አፍ።

እጁን አገላብጦ አየው። ኣኽበረት ናት የተናገረች፣ «ከድንጋይ ሌላ ምን ያውቃል?» እሱም ቆይቶ፣ «ሌላስ መድኃኒት የለውም?» አለ።

የለውም አልኩት። የለውም! ምን አውቄ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

መጋቢት 3

ምሳ የለ፣ ሥራ የለ፣ ሐሳብ ብቻ። ከገብረተንሳኤ ወዲህ ማንንም አላስነፋሁም። ከሰባቱ ሦስቱ «ቋሚ ጉዳት» ተብለዋል። ዶክተሩ ምን ያድርግ? «መድኃኒት ተሰጥቷል» ብዬ የላክሁለት እኔ። እሱ ያመነው እኔን ነው።

ለሽሻይ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣኝ በተሻለ። መነጽሩን አወለቀና፣ «ማብሪያውን ሳትጫኚ አምፖሉ ተቃጥሏል አልሽ ማለት ነው» አለ። ከዚያ ወደ ደብተር እርማቱ ተመለሰ። ምን ፊዚክስ ነው ይሄ... ልቤን ወጋኝ።

መጋቢት 6

ኣኽበረት ብቻዋን መጣች። ካርድ አላወጣችም፤ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ገብረተንሳኤ መዶሻውንና መሮዎቹን ለወንድሟ ሊሰጥ ነው። የመጋዘን ዘበኝነት አግኝቷል፤ መጋቢት 16፣ ሰኞ፣ ይገባል። «አባቱ የሰጠው መሮ ነው ሲስተር። ቤት ውስጥ አይናገርም። ልጆቹ እንኳ ፈሩት።»

«ግን ሐኪም ካለ... ይሁን» አለች። አመሰገነችኝ! «እግዚኣብሄር ይሃብኪ ሓፍተይ፣ ቁርጡን ነገርሽን» ብላ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ።

መርፌ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁት። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ። ሰውየው ሙያውን ሊጥል ነው። አስም ቢሆንስ? አስም ከሆነ መድኃኒት አለው፣ ሙያው ይቀርለታል። አስም ሆኖ ሳይታከም ከቀረ ደግሞ ዘበኛ ሆኖም ይታፈናል። ይህን እያወቅሁ ዝም ልበል? ሥራዬስ? ዕቃውስ? ለተኪዳንስ ምን ትለኛለች?

ነገ እደውላለሁ።

መጋቢት 7 (ቅዳሜ)

ደወልኩ። ሦስቴ ጠርቶ አነሣው።

«ዶክተር፣ አሰገደች ነኝ፣ ከቁሓ መንገድ። የላክሁልህ ሰባት ሰው ውሸት ነው።»

ቀጠልኩ፣ ካቆምኩ ስለማልጀምር። ጾሙን፣ ሣጥኑን፣ ምልክቱን፣ ሁሉንም።

«ስንት ነው ያልሽኝ?»

«ሰባት።»

«ሰባቱም መድኃኒቱን አልወሰዱም?»

«አንዳቸውም።»

ከዚያ፣ «አንዱን ሰውዬ ከሥራው ይውጣ ብዬ ጽፌያለሁ» አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስል።

«አውቃለሁ። ገብረተንሳኤ ይባላል። የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ሲስተር፣ ባዶ ብትልኪልኝ ባዶ መሆኑን አነብ ነበር። አልልክም ካለሽ ደግሞ ስልክ አለ። የሞላሽውን ግን እንዴት ላንብበው?»

እሱም ሰው ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ለዘብ አለ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባቱም ይደገሙ። ለፕሮጀክቱ ሰዎች ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነው፤ ዕቃው መቆየት አለመቆየቱን እነሱ ይወስናሉ። «ግን ራስሽ መናገርሽንም እጽፋለሁ» አለ።

ለአቶ ዘርኡም ነገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ማህደሬ ውስጥ ገባ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት የመጀመሪያዬ። ይገባኛል። የሚገርመው... ስወጣ ቀለል ብሎኛል።

መጋቢት 9

ይደገም ማለት ቀላል። ጾሙ እንደሆነ ገና ስድስት ሳምንት አለው! ጠዋት ባስነፋቸው ያው አፋቸውን ይይዛሉ። ላስገድድ? ካህን ልጥራ? ራሴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ለተኪዳን ባልዲዋን እየጨመቀች፣ «ለምን ከዘጠኝ በኋላ አይመጡም?» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ዘጠኝ ሲሆን ጾሙ ይፈታል። አይደለም እንዴ? ያኔ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ መድኃኒቱንም ይስባል። እናንተ ግን ምን ያስቸኩላችኋል?»

ዕድሜዬን ሁሉ የጾምኩ ሰው! ሰዓቱ ዘጠኝ መሆኑን ከሆዴ በላይ ማን ያውቀዋል? የሥልጠናው ወረቀት «ጠዋት ቢሆን ይመረጣል» ስላለ ጠዋት። ሰልፉም ጠዋት ስለሆነ ጠዋት። ዓይደር ያሉትም ይጾማሉ፣ አቶ ዘርኡም ይጾማሉ፣ ሁላችንም እንጾማለን፤ አንዳችንም ወረቀቱንና ጾማችንን አንድ ላይ አላሰብናቸውም። ጉድ ነው እኮ!

ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ። ለተኪዳን ያበድኩ መሰላት።

መጋቢት 10

የዘጠኝ ሰዓት ክሊኒክ ተከፈተ! አቶ ዘርኡ ፈቀዱ፣ «ጠዋት ወለሉም ይጠረጋል» ብለው።

ከሰባቱ ሦስቱ መጡ። አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ሆድ ሞልቶ መንፋት ስለማይቻል መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ምግቡ በኋላ። ስድስት የተኮሳተረ ፊት አየሁ፣ ሦስቱ የበሽተኞቹ፣ ሦስቱ የአጃቢዎቹ። ለተኪዳን ሕምባሻ ቆርሳ በጨርቅ ሸፍና በር ላይ አስቀምጣለች። «የነፋ ይበላል!» ትላለች። እንዲህ አድርገው ሲነፉ አይቼ አላውቅም።

አንዷ አስም። ሁለቱ ለውጥ የላቸውም፤ እውነትም ጉዳት ነው። ለእነሱ አዘንኩ። ግን እውነተኛ ነው፣ እሱን ይዞ መርዳት ይቻላል።

ገብረተንሳኤ አልመጣም። ኣኽበረት በስልክ፣ «ቁርጡን ነግራችሁኛል፣ ሁለቴ አልሰማም» ብሏል አለች።

መጋቢት 11

ባጃጅ ይዤ ራሴ ሄድኩ።

የደወል ቤቱ ግድግዳ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ደርሷል። ሰዎቹ ላይ ናቸው። እሱ ታች፣ ግንድ ላይ ተቀምጧል። መሮዎቹን በጆንያ ጠቅልሏቸዋል። አቧራው ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አለ። ሲያየኝ ተነሣ፤ ለመነሣት እንኳ ሁለቴ ሳለ።

ቆሜ ነገርኩት። አላስጌጥሁም። «መድኃኒቱን ሳትወስድ ወስደሃል ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ በእኔ ውሸት ፈረደብህ። በሽታህ ምን እንደሆነ እስካሁን ማንም አያውቅም።»

አየኝ። ከላይ የነበሩት መዶሻ ማሰማት አቆሙ።

«ጾሜን አክብረሽ ነው ሥራሽን?»

እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። በቀስታ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጾምህን አከብራለሁ፣ የዋሸሁት ግን ለሥራዬ ነው አልኩት። የማመልጥበት መንገድ አልነበረኝም፣ አልፈለግሁምም።

ጆንያውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ልጆቼ አሥራ ሁለት ቀን እንደ ሞተ ሰው እያዩኝ ነው» አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። ቆሜ ቀረሁ።

ባጃጁ ጋ ስደርስ ነው ከኋላዬ የተጣራው። «ስንት ሰዓት ነው ያልሽው?»

መጋቢት 12

ዛሬን በትልቁ ልጽፈው ይገባ ነበር!

ዘጠኝ ከሃያ ሲል መጣ። ኣኽበረት ከኋላው። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁ። አየር እንዳያመልጥ አፍንጫውን ቆነጠጥኩ፣ ቱቦውን ነከሰ፣ ለተኪዳን ጮኸችበት። አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ እንደ ፊቱ።

መድኃኒቱ። አራት ጊዜ። በመካከሉ እየቆየ፣ በደንብ ስቦ። ከዚያ ሩብ ሰዓት። ሰዓቴን በየደቂቃው አያለሁ። ኣኽበረት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። እሱ ወለሉን ያያል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ራሱን ቀና አደረገ። «ደረቴ...» አለ። ምን ሆነ ደረትህ? «እንጃ። ተከፈተ መሰለኝ።» አላመንኩም። ሰው መልካም ሲመኝ ብዙ ይመስለዋል።

«ንፋሕ! ንፋሕ! ወስኸሉ! ወስኸሉ!»

ሁለት ነጥብ ሰባት።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ነጥብ ሰባት! ከአንድ ነጥብ ዘጠኝ! ላክሁት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ፤ ዶክተር ሔሩይ። «ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይሆን። አስደግሚው።» አስደገምኩ። ሁለት ነጥብ ሰባት። ለሦስተኛ ጊዜ። ሁለት ነጥብ ስምንት!

«አስም ነው» አለ። እንዲህ ደስ ብሎት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ሲስተር፣ አስም ነው! በጊዜ ነው የያዝነው። ስልኩን ስጪልኝ።» ለገብረተንሳኤ ራሱ ነገረው፤ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት፣ ጾሙ እስኪፈታ በዘጠኝ ሰዓትና ሲተኛ፣ ከፋሲካ በኋላ ጠዋትና ማታ። ድንጋዩን በውኃ አርጥቦ እንዲጠርብ። አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭምብል። በየወሩ መንፋት። «መሮህን አትስጥ» አለው መጨረሻ ላይ። እኔ ነኝ ስለ መሮው የነገርኩት።

ለተኪዳን እልል አለች። ጤና ጣቢያ ውስጥ! አቶ ዘርኡ ማን ወለደ ብለው ከቢሮ ወጡ። ኣኽበረት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገብረተንሳኤ ግን ሕምባሻውን አንሥቶ ቆረሰና ግማሹን ሰጠኝ። እኔም ጾሜን በዚያ ፈታሁ።

መጋቢት 14

ሰባቱም ተጠናቀቁ። ሦስት አስም፣ ሦስት ጉዳት፣ አንዷ ጤነኛ። ያቺ ጤነኛዋ የጉሮሮ አለርጂ ነው ያላት። ሁሉንም አንድ በአንድ ቁጭ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዱ አዛውንት፣ «ውሸት እንዲህ ከተመለሰ ግማሽ እውነት ነው» አሉኝ። አይደለም... ግን ደስ አለኝ።

መጋቢት 24

የፕሮጀክቱ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። ዕቃው ይቆያል! ከዚያ በላይም አለ። ታብሌቱ ላይ ያለውን ቅጽ ቀይረውታል። ሁለተኛው ሣጥን ባዶ ሆኖ ይልካል፤ ከሥሩም አዲስ መስመር አለ፣ «ጾም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይደገማል»። የአንዲት ጽዳት ሠራተኛ ሐሳብ ሐኪሞች በሚያነቡት ቅጽ ላይ! ለተኪዳን ሦስቴ አስነበበችኝ። «ስሜን ግን አልጻፉትም» አለች። ልክ ናት። ለዶክተር ሔሩይ ጽፌ ላክሁ፣ ሐሳቡ የወይዘሮ ለተኪዳን ነው ብዬ። ይወቁት።

ሚያዝያ 5 (ቅዳሜ)

ዘጠኝ ድንጋይ ጠራቢዎች በአንድ ሚኒባስ። ቅዳሜ ጠዋት ስለሚበላ ጠዋት መጡ። ገብረተንሳኤ ነው ሰብስቦ ያመጣቸው፤ ጭምብሉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፣ ወንበሮቹ ነጭ ሆኑ፣ ለተኪዳን ተሳደበች። አንዱ ወጣት ሳል እንኳ የሌለው፣ ለአጃቢነት የመጣ፣ መስመሩ ጎበጥ ብሎ ወጣ። ዶክተር ሔሩይ፣ «ገና መጀመሩ ነው፣ አሁኑኑ ዓይደር ይምጣ» አለ። ገና ሳይስል! ይኸው ነው እኮ የፈለግነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ቢሆን ለዚያ ልጅ «ሳል» ብዬ አንቲባዮቲክ እሰጠው ነበር።

ሽሻይ ዛሬ አንድም ነገር አላስተማረኝም። «ጎበዝ» ብቻ አለ። ከሱ አፍ ይህ ዲግሪ ነው።

ሚያዝያ 20

ፋሲካ። ጾም ተፈታ። በላሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

ግንቦት 5 (ሰኞ)

ገምጋሚዎቹ ባለፈው ሐሙስ መጥተው ነበር፤ ውሳኔው ዛሬ ደረሰን። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሰው አስነፍተናል። ከአሥሩ ዘጠኙ ተነብቧል፤ እንዲህ ያለ ውጤት አልጠበቅንም አሉ። ለአራት ጤና ጣቢያዎች መለኪያው ይሰጣል። አሠልጣኟ እኔ ነኝ። እኔ! ለተኪዳንም ለማስነፋት ሥራ በደብዳቤ ተመድባለች፣ መጥረጊያውን ለሌላ አስረክባ። አቶ ዘርኡ ማስጠንቀቂያዬ ከማህደሩ አይወጣም አሉኝ፤ የምስጋናው ደብዳቤም አጠገቡ ይቀመጣል። ሁለቱም ይቀመጡ። ሥልጠናው ላይ ሁለቱንም አሳያቸዋለሁ።

ገብረተንሳኤ ጠዋት መጥቶ ነፍቶ ሄደ። በየቀኑ ከሚስበው በቀር ምንም የሚከፍት መድኃኒት ሳይወስድ፣ ሦስት ነጥብ አንድ። ዶክተር ሔሩይ ከቁጥሩ ጎን ምንም አስተያየት አልጻፈም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ።

ከሥራ ወጥቼ በእግሬ ተመለስኩ። በደወል ቤቱ በኩል። ግድግዳው አልቆ የላይኛውን ቅስት እየገጠሙ ነው። ቀና ብዬ ሳይ መሰላሉ ጫፍ ላይ አንድ ሰው አለ፣ ጭምብል ያደረገ፣ መዶሻ በእጁ። ጭምብሉን ዝቅ አደረገ።

«ሲስተር አሰገደች! ከመይ ውዒልኪ?»

ገብረተንሳኤ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ፣ እዚህ አገር ሰላምታ እንደሚባለው ሙሉውን፣ አንድም ሳያስቀር ጠየቀኝ። ደኅና ነሽ ወይ? ሽሻይስ? ቆልዑከ፣ ልጆቹስ? ሥራውስ? ለተኪዳንስ? ደብረ ብርሃን ያሉት እናትሽስ? ዝናቡስ፣ በእናንተ በኩል ጣለ ወይ? እያንዳንዱን ጥያቄ ታች ያለነው ሁሉ ሰማነው፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሳይቀር ቆሞ ነበር።

አንዴም አልሳለም።